ታካሚዋ ከመናገሯ በፊት፦ የቤት ውስጥ ጥቃትን እንዲለዩ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን

ይህ መመሪያ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለክፍል አስተባባሪ ነርሶች፣ ለአዋላጆች፣ ተማሪ ይዘው ዋርድ ለሚዞሩ መምህራን።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውንና ትዳር የሚያውቁ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ቀደም የዓለም ጤና ድርጅት በቡታጅራ ባስጠናው ጥናት ደግሞ፣ በሕይወት ዘመናቸው በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 71 በመቶ ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች ከእኛ ደጅ ጠፍተው አያውቁም። ለእርግዝና ክትትል ይመጣሉ። ልጅ ያስከትባሉ። የወሊድ መከላከያ ይወስዳሉ። ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏቸው ሦስቴ አራቴ ካርድ ያወጣሉ። ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ የማታውቅ ሴት ጤና ጣቢያ ግን ትመጣለች።

የምልክት ዝርዝር ማሸምደድ ብቻውን የትም አያደርስም። ታካሚዋን ለብቻዋ የሚያገኝበት ክፍል የሌለው፣ ጥያቄውንም አፉን ሞልቶ መጠየቅ ያልለመደ ባለሙያ፣ ምልክቱን ቢያይም አይቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ከሥልጠናው ሰዓት ትልቁን ድርሻ ለእነዚህ ለሁለቱ ስጡ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ስላይድ አሳይቶ መሸኘትን እርሱት።

1. መጀመሪያ መንገዱን በታካሚ እግር ሂዱበት

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጠዋት መድቡ። የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ገበያውንና ሕክምናውን አንድ ላይ ስለሚያደርጉት ጤና ጣቢያው ያን ቀን ይጨናነቃል።

ጋውናችሁን አውልቁና ከበሩ ጥበቃ ጀምሩ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቁሙ። «ምንሽን ነው ያመመሽ?» የሚለው ጥያቄ ጮክ ተብሎ ሲጠየቅ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይሰማል? ትሪያጅ (ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ቦታ) ላይ አስታማሚው አብሮ ይቀመጣል? መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሁለት ታካሚ ያያሉ? በሩ ይዘጋል? ወይስ በየሁለት ደቂቃው «ሲስተር፣ ጓንት አለ?» የሚል ሰው ብቅ ይላል? መጋረጃ ድምፅ እንደማይከለክል አትርሱ።

ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ቢያንስ አንድ የሚዘጋ ክፍል ፈልጉ። ከጠፋ የወሊድ መከላከያ መስጫ ክፍሉን ወይም የምክር አገልግሎት ክፍሉን በተወሰነ ሰዓት ተጠቀሙበት። በሩ ላይ «የጥቃት ሰለባዎች ክፍል» የሚል ነገር እንዳትለጥፉ። ያን በር የከፈተች ሴት ሁሉ ከተማው ያወራባታል።

ቀጥሎ አንድ ደንብ አውጡ፤ እያንዳንዱ ታካሚ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ለብቻው ይታያል። ወንዱም ሴቷም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም። ደንቡን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ በየክፍሉ በር ላይ ለጥፉት። ጥቅሙ ቀላል ነው። ባልን ውጭ እንዲጠብቅ ስትጠይቁት ነገሩ በእሱ ላይ የተጠነሰሰ አይመስለውም፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈ የቤቱ ሥርዓት ነው። ሴትየዋም ቤት ስትደርስ «ምን ስትነግሪያት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ስለ ጥቃት ከመጠየቅ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸውን ነገሮች ዘርዝሯል። ለብቻ የሚያነጋግሩበት ቦታ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የተጻፈ አሠራርና የሚልኩበት ቦታ። እነዚህ ሳይኖሩ ሴቶችን መጠየቅ ሊጎዳቸው ይችላል። ባል ደጃፍ ላይ ቆሞ የተሰጠ መልስ ማታ ዱላ ሆኖ ይመለሳል።

2. ወዴት እንደምትልኩ እወቁ

አንዲት ሴት «አዎ» ካለች በኋላ ስልክ ቁጥር ፍለጋ መሯሯጥ አይቻልም። አንድ ገጽ ማውጫ አዘጋጁ። ከፍ ያለ ሕክምና የት እንደሚገኝ ጻፉ፤ በእኛ ከተማ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልና ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አሉ። የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የስልክ መስመር 7711።

ማውጫው ላይ ከማስፈራችሁ በፊት እያንዳንዱን ደውላችሁ አረጋግጡ። ቢቻል በአካል ሂዱ። ማን ነው የሚቀበላት? ምሳ ሰዓት ላይ ብትመጣስ? ቅዳሜ ማታስ? አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር ሴት ብትሄድ የሚያናግራት አለ? በየሦስት ወሩ እንደገና ደውሉ። ሰው ይቀየራል፤ ቢሮ ይዛወራል።

3. ማን ይሠልጥን?

ታካሚዋ የምታልፍባቸው ሰዎች ሁሉ። ሐኪም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ካርድ ክፍልና ጥበቃ የሚሠሩትን አትርሱ፤ ለእነሱ አንድ አጭር ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ይዘቱም ሦስት ነገር ነው፦ ታካሚ ፊት ጮክ ብሎ አለመጠየቅ፣ ያዩትንና የሰሙትን ውጭ አለማውራት፣ ባል ተቆጥቶ ከመጣ ማንን እንደሚጠሩ ማወቅ።

ለባለሙያዎቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ብታደርጉት ይሻላል። ከ12 እስከ 15 ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ልምምዱ ይሞታል። በሳምንቱ መሃል የተማሩትን ሥራ ላይ ይሞክሩታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከፊታችሁ ከተቀመጡት መካከል ራሷ ቤቷ የምትደበደብ ነርስ ልትኖር ትችላለች። ሚስቱን የሚመታም ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ማንም የራሱን ታሪክ እንዲናገር እንደማይጠየቅ ተናገሩ። መውጣት የፈለገ ያለ ፈቃድ ይውጣ። ከሥልጠናው በኋላ ለብቻዋ ማናገር ለምትፈልግ የሚቀበላት ሰው አስቀድማችሁ መድቡ፤ ያ ሰው የቅርብ አለቃዋ ባይሆን ጥሩ ነው።

4. የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ራሳችን ምን እናምናለን?

በዚያው በ2008ቱ ጥናት 63 በመቶ ሴቶችና 28 በመቶ ወንዶች፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል። ወጥ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳይነግሩ መውጣት፣ ልጅን ችላ ማለት፣ ለግንኙነት እምቢ ማለት ነበሩ ምክንያቶቹ። የጤና ባለሙያውም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጅ ነው። ጋውን ሲለብስ ይህን ሁሉ አውልቆ አይገባም።

ስለዚህ ስብከት አትጀምሩ። ወረቀት ላይ ጥቂት አባባሎችን ጻፉ። «በባልና ሚስት መሃል አይገባም።» «ለልጆቿ ስትል ትቻለው።» «ዝም ብሎ የሚመታ የለም፤ የሆነ ነገር ብላው ይሆናል።» «ጫትና መጠጥ ነው እንጂ ሰውየውስ ደግ ነው።» የሚስማማ በአንድ ወገን፣ የማይስማማ በሌላ ወገን ይቁም። ለምን እንደቆመ ይናገር። እናንተ አትፍረዱ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህን የሚያምን ባለሙያ ፊት የተቀመጠች ሴት ምን ያመልጣታል?»

የመጠጥና የጫቱ ነገር በጅማ ሁሌም ይነሳል፤ ትንሽ ቆዩበት። ነገሩን ሊያባብሱት ይችላሉ። ግን መጠጥ አፉ ያልገባ፣ ሁሉም የሚያከብረው፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰውም ሚስቱን ይደበድባል። ባለሙያው ዓይኑን ሰካራም ባል ላይ ከተከለ የተከበረው ሰው ሚስት ትረሳለች። ለመናገርም ከሁሉም በላይ የሚከብዳት እሷን ነው፤ ማን ያምናታል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረትም ባለሙያዎች ይወዱታል። ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም። የምትደብቀው ስለምታፍር ብቻ አይደለም። ብትናገር ምን እንደሚመጣባት ከእኛ በተሻለ ታውቃለች።

ሕጉን በአጭሩ አስረዱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ በኃይል ጉዳት ያደረሰ በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚቀጣ ይናገራል። አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር ያወጣ ባለሙያን ይቀጣል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ነው። ይህን ክፍተት ይወቁት፤ ሕክምናው ግን ጋብቻ አይለይም። ባሏ ያስገደዳት ሴትም እንደማንኛዋም ሴት ሙሉ ሕክምና ታገኛለች።

5. ምልክቶቹ

በጉዳት ጀምሩ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ጡትና ሆድ ላይ ያለ ጉዳት ያጠራጥራል። በጥፊ የተበሳ የጆሮ ታምቡር። ዱላ ለመከላከል እጇን ስታነሳ የተሰበረ የክንድ አጥንት። ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ብልዝ። ጀርባ ላይ ሰንበር። የንክሻ ምልክት። አንዱ ሳይድን ሌላው የተጨመረ ቁስል። ጉዳቱና ታሪኩ አልገጥም ሲሉም ልብ በሉ። «ወድቄ ነው» ያለች ሴት ስትወድቅ መዳፏን፣ ክርኗን ወይም ጉልበቷን ትላጫለች፤ የላይኛው ክንዷ የውስጥ ገጽ ላይ ግን አራት ጣት አያርፍም።

በጥቁር ቆዳ ላይ ብልዝ በቀላሉ አይታይም። ወደ መስኮት ብርሃን አስጠጉ፤ በእጃችሁ ዳሱ፤ እብጠትና የሚያም ቦታ ፈልጉ። የብልዙን ቀለም አይታችሁ «ይሄ የሦስት ቀን ነው» እንዳትሉ። በቀለም ዕድሜውን መገመት አስተማማኝ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ የእሷን ቃል ሊያፈርስ ይችላል።

መታነቅ ለብቻው ጊዜ ይሰጠው። የታነቀች ሴት አንገቷ ላይ ምንም ምልክት ላይታይባት ይችላል። ድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃት፣ የዓይን ነጭ ወይም ቆብ ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣብ፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ማምለጥ ካለ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ትላክ። ጉዳቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። አንዴ ያነቀ ሰው ሊገድላት የመቻሉ ሥጋትም በእጅጉ ከፍ ይላል። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ሠልጣኞቻችሁ ይህን እንዳይረሱ።

አብዛኞቹ ሴቶች ግን ቁስል ይዘው አይመጡም። የሚመጡት በማይለቅ ራስ ምታት፣ በጀርባና በማህፀን አካባቢ ሕመም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በድብርት፣ ራስን በማጥፋት ሙከራ ነው። ተመላልሶ በሚመጣ የአባላዘር በሽታ። ባልፈለገችው እርግዝና። ዘግይቶ በተጀመረ የእርግዝና ክትትል። በተቋረጠ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት። «የወሊድ መከላከያ ክኒኑን ቤት መውሰድ አልችልም፤ መርፌው ይሁንልኝ፤ ካርዱም እዚሁ ይቀመጥ» የምትል ሴትን ለምን እንደሆነ በቀስታ ጠይቁ። የአስታማሚውንም ሁኔታ እዩ። ስለ ወር አበባዋ እንኳን እሱ የሚመልስላት፣ እሷም ከመመለሷ በፊት ዓይኑን የምታይ ከሆነች ለብቻዋ ማናገር የግድ ነው።

ለዚህ ክፍለ ጊዜ የፈጠርኩት የልምምድ ካርድ አለ። አንዲት የ24 ዓመት ሴት ከሰቃ ጨቆርሳ መጥታለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለእርግዝናው ክትትል ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ አብሯት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ረጅም እጅጌ ለብሳለች። አዋላጇ የደም ግፊት ልትለካ እጅጌዋን ስትሰበስብ ሴትየዋ ራሷ በሌላው እጇ ጨርቁን ያዝ አደረገችው። «በልብሱ ላይ አይሆንም?» አለች።

እዚህ ላይ አቁሙና ሠልጣኞቹን ጠይቁ፦ አሁን ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንዱ «እጅጌውን እሰበስባለሁ» ይላል። አንዳንዱ «ለምን ብዬ እጠይቃታለሁ» ይላል፤ ባሏ እዚያው ተቀምጦ ሳለ! መልሱ ሁለቱም አይደለም። በእርጋታ «እሺ፣ መጀመሪያ ሽንት እንስጥና ክብደት እንለካ» ብላ ከባሏ ለይታ ትወስዳታለች። ሌላ ክፍል ውስጥ በሩ ሲዘጋ ያኔ ግፊቷን ትለካለች። ሁለቱንም ክንድ። የግፊት መለኪያው በየቀኑ እጅጌ የምንሰበስብበት ሰበብ ነው፤ ሠልጣኞቹ በእያንዳንዱ ልኬት ክንዱን እንዲያዩ አስለምዷቸው።

አንድ ነገር ላክል። ጥቃት የሚደርስባቸው ሚስቶች ብቻ አይደሉም። አሠሪዋ የሚመታት የቤት ሠራተኛ አለች። ልጃቸው ወይም ዘመድ የሚያንገላታቸው አረጋውያን አሉ። አካል ጉዳተኞች አሉ። ወንዶችም አሉ። ለሁሉም መነሻው ለብቻ ማናገር ነው።

6. መጠየቅ

ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመጣችውን ሴት ሁሉ ጠይቁ አይልም፤ ምልክት ስታዩ ወይም ሕመሟ ከጥቃት ጋር ሊያያዝ ይችላል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ጠይቁ ነው የሚለው። ዝግጅቱ ከተሟላ ግን በእርግዝና ክትትል ላይ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ባልን ማስወጣትን አለማምዱ። ድምፅ አይለዋወጥ፤ ይቅርታ አይብዛ። ለትልቅ ሰው፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን፤ እዚህ ሁሉንም ለብቻ ነው የምናየው።» ለወጣቱ፦ «ወንድሜ፣ አንዴ ውጭ ጠብቃት፤ እንጠራሃለን።» እምቢ ካለ አትጨቃጨቁ። ላቦራቶሪ፣ ሽንት ቤት፣ አልትራሳውንድ፤ መንገዱ ብዙ ነው።

ከዚያ ጥያቄው። በሩ ተዘግቶ፣ እናንተም ተቀምጣችሁ፣ እስክሪብቶው ወርዶ፦

«እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያላቸውን ብዙ ሴቶች አያለሁ። አንዳንዴ ምክንያቱ ቤት ያለው ችግር ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው አለ?»

ዝም ካለች ዝም በሉ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሠልጣኞች ዝምታውን በምክር መሙላት ይፈልጋሉ። በልምምዱ ላይ ታዛቢው ባለሙያው ዝም ብሎ የቆየበትን ጊዜ ይከታተል።

«ጥቃት» የሚለውን የቢሮ ቃል ይተዉት። ሴቶቹ የሚሉት «እጁ ፈጣን ነው»፣ «ይማታል»፣ «ሲገባ ፀባዩ ይለዋወጥብኛል»፣ «ቤቴ ሰላም የለውም» ነው። «ቤቴ ሰላም የለውም» ስትል «እንዴት ነው ሰላም የሌለው?» ብሎ መከተል ይበቃል። በዕድሜ እናት የሚሆኑ ሴትን ደግሞ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚያስቸግርዎት፣ እጁን የሚያነሳብዎት ሰው አለ?» ማለት ይቻላል።

በሦስት በሦስት ከፋፍሏቸው፦ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ታዛቢ። እየተፈራረቁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይለማመዱ። በአንዱ ቋንቋ ለስልሶ የወጣው ጥያቄ በሌላው የፖሊስ ምርመራ ሊመስል ይችላል፤ አፍ እስኪፈታ መደጋገም ነው። የም፣ ዳውሮ ወይም ከፋ ብቻ ለምትናገር ሴት ከሠራተኞቹ መካከል ቋንቋውን የሚችልና ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። ባልን፣ አማትን፣ ጎረቤትን፣ ከሁሉም በላይ ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉ።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አስጠንቅቁ፦ «ምን አድርገሽው ነው?» «ለምን ትተሽው አትሄጂም?» «እስከዛሬ ምን ትሠሪ ነበር?» «ቻይው፤ ትዳር እንዲህ ነው።» ከነዚህ አንዷን የሰማች ሴት ሁለተኛ አትናገርም።

«የለም» ካለች ይቀበሏት። አትወትውቱ። «እሺ። አንድ ቀን ማውራት ከፈለግሽ እኔ እዚህ ነኝ» በሏትና ሕክምናዋን ቀጥሉ። ብዙ ሴቶች የሚናገሩት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉብኝት ነው፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ የሚታመኑ መሆናቸውን መጀመሪያ ያያሉ።

7. «አዎ» ካለች በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ነገር ያስተምራል፦ ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ ማመን፣ ደኅንነቷን ማጠናከር፣ ከድጋፍ ጋር ማገናኘት። ቅደም ተከተሉን ይያዙት። ባለሙያ በልማድ የመጨረሻውን ያስቀድማል፤ ሳያዳምጥ ስልክ ቁጥር ይሰጣል።

ማመን ማለት እንዲህ ማለት ነው፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ማንም ሊመታሽ አይገባም።»

ከዚያ አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ጠይቁ፦
- ባለፉት ስድስት ወራት ድብደባው ተደጋግሟል ወይም ብሷል?
- በመሣሪያ መትቶሽ ወይም አስፈራርቶሽ ያውቃል?
- አንቆሽ ያውቃል?
- ይገድለኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?
- ነፍሰ ጡር ሆነሽ መትቶሽ ያውቃል?
- ቅናቱ ኃይለኛና የማያባራ ነው?

ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለች አደጋው ቅርብ ነው። «ዛሬ ማታ ወደ ቤት መግባት ትፈሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷ አዎ ከሆነ ሳትሄድ መፍትሔ ፈልጉ። ወደ ቤቷ የምትመለስ ከሆነም አብራችሁ አቅዱ። ሌሊት ቢብስባት የማን ቤት ትሄዳለች? መታወቂያዋ፣ የልጆቿ የክትባት ካርድና ትንሽ ብር ከማን ዘንድ ይቀመጥ? የትኛዋ ጎረቤት ጩኸት ስትሰማ ትደርሳለች? ጽፋ ቤት እንድትወስድ አታድርጉ። ቁጥሩን በቃሏ ትያዝ፤ ወይም ስልኳ ላይ በሌላ ስም ይመዝገብ፤ ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነም እሱም ይቅር።

ወሲባዊ ጥቃት ካለ ሰዓቱን ቁጠሩ። ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሰጣል። የአባላዘር ሕክምናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አለ። ምርመራው ላይ እያንዳንዱን ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፈቃዷን ጠይቁ።

ባለሙያው ሊያደርግ የማይገባውን በግልጽ ንገሩት። ለባልየው አይደውልም። ሽማግሌ አይጠራም። በራሱ ሥልጣን አያስታርቅም። ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ባልየው የባለሙያው የዕድር አባል ወይም የሠፈር ልጅ ሊሆን ይችላል። «እኔ አውቀዋለሁ፤ አናግረዋለሁ» የሚል ቅን ሰው በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ፖሊስ ጋ መሄድም ሆነ ትዳሩን ማቆየት የእሷ ውሳኔ ነው። ሕፃን ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ከማለታችሁ በፊት ይህን ንገሯት።

8. መመዝገብ

የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ጻፉ፦ «ባለቤቴ ትናንት ማታ በዱላ መታኝ አለች።» «እንደምትለው ከሆነ» የሚል ጥርጣሬ አይጨመር። የእያንዳንዱን ቁስል ቦታ፣ መጠንና ቅርጽ በሰውነት ሥዕል ላይ ምልክት አድርጉ። ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ ፊርማው ይነበብ። ይህ ወረቀት ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ቤት የምትወስደው የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ግን አንዲት ቃል እንዳይጻፍ። ካርዱን ባሏም አማቷም ያዩታል።

9. ሥልጠናው ካለቀ በኋላ

የተማሩት እንዳይጠፋ በሳምንት አንዴ፣ ከሥራ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ተገናኙ። ስም ሳይነሳ አንድ ጉዳይ ይወራ። የከበዳቸው ባለሙያዎች እዚያ ይናገሩ፤ ይህን ታሪክ ቀን ከሌት የሚሰማ ሰው ራሱም ይደክማል፤ እንቅልፍ ያጣል።

ውጤቱን «ስንት ሴት አገኛችሁ?» ብላችሁ አትለኩ። ቁጥር የተጠየቀ ባለሙያ ሴቶችን መወትወት ይጀምራል። ይልቁንም በየሦስት ወሩ ጥቂት ካርዶችን አንሡ። ታካሚዋ ለብቻዋ ታይታለች? ምልክት ሲኖር ተጠይቃለች? «አዎ» ካለች የአደጋ ጥያቄዎቹ ተነሥተዋል? የተላከችበት ቦታ ደርሳ እንደሆነ ተጣርቷል? ከዚያ ማውጫውን ይዛችሁ እንደገና ደውሉ።

ባለሙያ ይዛወራል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎችም በየጥቂት ሳምንቱ ይቀያየራሉ። አዲስ የሚመደብ ሰው ሁሉ፣ ተማሪም ቢሆን፣ ለብቻው ታካሚ ማየት ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን የመጠየቅ ልምምዶች ይውሰድ። አለማማጁ ከወራት በፊት የሠለጠነ ነርስ ወይም አዋላጅ ቢሆን ከውጭ ከሚመጣ አሠልጣኝ ይበልጣል፤ የክፍሉን በር፣ የሠፈሩን ሰውና የጥያቄውን ክብደት ያውቀዋልና።